ብርድ የሚናፍቅ ዘር በጋምቤላ ጓሮ

ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አርፎ በሩ ሲከፈት ተሳፋሪውን መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ የተለበሰው ሹራብ ደረጃው ላይ ይወልቃል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ የጋምቤላው 500 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ መንገደኛው በአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ከ10 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት አቋርጧል ማለት ነው። ሰው ሹራቡን አውልቆ ይገላገላል። በሻንጣው ውስጥ ያለው የአትክልት ዘር ግን የለመደውን ብርድ ይዞ ሊመጣ አይችልም።

የዘር ጉዳይ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር የሚገናኘው በከንቱ አይደለም። በሚኒሶታ፣ በነብራስካና በአውስትራሊያ የሚኖሩ የክልሉ ተወላጆች ለዘመድ ጥየቃ ሲመጡ ከልብስና ከስልክ ጋር በሥዕል ያሸበረቀ የዘር ፓኬት ሊያመጡ ይችላሉ። ለአውደ ጥናት የሚመጣ እንግዳም እንዲሁ። ከእነዚህ ፓኬቶች በሥዕሉ ዓይን የሚስበው ሐምራዊ ብሮኮሊ የሚባለው ነው። ግንዱ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ የተሰበሰበው የአበባ እምቡጥ ሐምራዊ፣ ከአንድ እግር ደግሞ ብዙ ቀንበጥ የሚቆረጥለት አትክልት ነው። በየቤቱ ጓሮ ቢተከል ለልጆች ምግብ፣ ለሆቴሎች ሽያጭ ይሆናል ብሎ ማሰብ የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ ሐሳቡ ላይ አይደለም፤ ተክሉ ምን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ መሬቱ፣ ውሃውና የአርሶ አደሩ ጉልበት መዋሉ ላይ ነው።

ይህ ብሮኮሊ በሱፐርማርኬት ከሚታየው አንድ ትልቅ አረንጓዴ ራስ ካለው ብሮኮሊ ይለያል። እንግሊዞች በጓሯቸው ሲያለሙት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በመደብ ላይ ይዘሩታል፤ ችግኙን በእግርና በእግር መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እየሰጡ ያዛውሩታል። ከዚያ ለወራት ቅጠል ብቻ ነው። ተክሉ ወገብ ድረስ አድጎ በረዶና ውርጭ ይወርድበታል። ቀንበጡን የሚያወጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። መጀመሪያ የመሐሉ ቀንበጥ ይቆረጣል፤ ያ ሲቆረጥ ከየቅጠሉ ብብት ሌሎች ይወጣሉ፤ እነሱም አበባቸው ከመፈንዳቱ በፊት እየተቆረጡ ለሳምንታት ይበላሉ። ከዘር እስከ ማዕድ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ያ የመሐል ብርድ ጌጥ አይደለም። ተክሉ አበባ እንዲያስብ የሚያደርገው እሱ ነው። ለሳምንታት 10 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ካልነካው የእንቡጡ ጊዜ መድረሱን አያውቅም። ስንዴ በሚዘራባቸው ቀዝቃዛ አገሮች አንዳንድ የስንዴ ዝርያዎች ብርድ ሳይመታቸው እንደማያሸቱ ሁሉ ማለት ነው። በጋምቤላ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት እንኳ ቴርሞሜትሩ ከ15 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብርቅ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ቀን ላይ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚገርመው ሰው የለም።

እንግዲህ ያ ዘር በባሮ ዳርቻ ቢዘራ ምን ይሆናል? ይበቅላል። የሚያሳስተውም ይህ ነው። ዘሩ በሞቀ አፈር በቀናት ውስጥ ብቅ ይላል፤ ችግኙ ያምራል፤ ውሃ ካገኘ ቅጠሉ ይሰፋል። በሦስተኛው ወር ፎቶ ግራፍ ቢነሣ ለሪፖርት የሚመች መደብ ነው። በስድስተኛው ወርም ቅጠል ነው። በዘጠነኛው ወር፣ ክሽክሹና የጎመን ትሉ ካተረፉለት፣ አሁንም ቅጠል ነው። ሐምራዊው ቀንበጥ በፓኬቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ቅጠሉ ይበላል፤ መርዝ የለውም፤ እንደ ጎመን ተቀቅሎ መቅረብ ይችላል። ነገር ግን ቅጠል ለመብላት ዘጠኝ ወር ውሃ መሸከም የሚያስፈልገው አርሶ አደር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድም አለ። ፓኬቱ ጀርባ ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛው «ዊንተር» በትምህርት ቤት ልማድ «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል። ለእንግሊዙ ቃሉ ውርጭ ማለት ነው። ለጋምቤላ አርሶ አደር ክረምት ማለት ዝናብና የባሮ ሙላት ነው። «ክረምትን የሚያሳልፍ ተክል» የሚለውን መመሪያ ቃል በቃል ተከትሎ በሐምሌ ችግኝ ያዛወረ ሰው የሚያገኘው ብርድ ሳይሆን ሥር የሚያበሰብስ ውሃ ነው። የዘር መመሪያ ሲተረጎም ወሩና ዲግሪው እንጂ የወቅቱ ስም ብቻ መጻፍ የለበትም።

ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ እዚህ ጋ መከራከሪያ ያነሣል። ብርድ ሳይጠይቁ የሚያቆጠቁጡ አዳዲስ ዲቃላ ዝርያዎች አሉ፤ ቦርዶና ሳንቲ የተባሉት ከእነሱ መካከል ናቸው። እውነት ነው። እነሱም ቢሆኑ ግን የሚወዱት ለዘብ ያለ አየር ነው። ሙቀት ሲበረታ እንቡጡ ይዘረዝራል፣ ቀንበጡ ይጠነክራል፣ አበባው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይፈነዳል። የሚመረተው ዲቃላ በመሆኑም አርሶ አደሩ ከራሱ ማሳ ዘር ሊያስቀር አይችልም፤ በየዓመቱ ከውጭ መግዛት አለበት። ሐምራዊ ብሮኮሊን በአገራችን መሞከር ያለበት ካለ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚያውቃቸው እንደ ደብረ ብርሃን ያሉ ደጋ ቦታዎች ቅድሚያ አላቸው። በጋምቤላ ክልል ውስጥ ከሌላው ቀዝቀዝ የሚለው የመዠንግር ዞን ደን አካባቢ እንኳ ቡናና ቅመም የሚስማማው እንጂ ውርጭ የሚያውቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ባዕድ ጎመን ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ዓምድ ባላስፈለገው ነበር። ብሮኮሊው ምሳሌ ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ የያዘ አንድ ዓይነት የዘር ጥቅል ለደጋውም ለቆላውም እኩል ሲታደል ተመሳሳይ ስሕተት በትንሹ ይደገማል። ከእነዚህ ውስጥ በጋምቤላ በቀዝቃዛዎቹ ወራት በመስኖ የሚሳካላቸው አሉ፤ ሙቀት የሚችሉ የጥቅል ጎመን ዝርያዎችም አሉ። ነገር ግን ጥቅሉ ሲታሰብ የታሰበው የደጋ ጓሮ ነው። በአቦቦ ወይም በኢታንግ ያለች እናት ካሮቱ ጣት ሳያህል ሲያረጅባት፣ ሰላጣው በሁለት ሳምንት ውስጥ አብቦ ሲመርራት «ጓሮ አትክልት እዚህ አይሆንም» ብላ ትደመድማለች። ቀጣዩን ዘር ለማደል የሚሄደው ባለሙያ የሚያገኘው ይህንን ድምዳሜ ነው። የባከነው የዘር ገንዘብ ሊተካ ይችላል። ይህን እምነት መመለስ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ጓሮን እንደ ትርፍ ሥራ ለሚያይ ሰው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። አብዛኛው ሕፃን የሚመገበው ከአንድና ከሁለት ዓይነት ምግብ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጠል፣ ፍራፍሬና የእንስሳት ተዋጽኦ ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ሆነ በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወደ ቤተሰብ ጓሮ የዞሩት ለዚህ ነው። በጋምቤላ ከተማ ገበያ ላይ የሚገኘው ጎመንና ካሮት በአብዛኛው ከደጋው በመኪና የሚወርድ ነው። ከጎሬና ከቡሬ ዳገት ቁልቁል ሲወርድ ይጠወልጋል፣ መንገድ ሲዘጋም ይጠፋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። በጓሮ የሚገኝ እፍኝ ቅጠል ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ሳምንት ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው።

ታዲያ ከብሮኮሊው የሚፈለገው ምንድን ነው? ለስላሳ ቀንበጥ፣ ደጋግሞ የሚቆረጥ፣ ልጅ የሚበላው አረንጓዴ ነገር። ይህን የሚሰጥ ተክል ለማግኘት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም።

የሐበሻ ጎመን የብሮኮሊ የሥጋ ዘመድ ነው። የጎመን ወገኖችን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. በሦስት ማዕዘን ሥዕል የገለጸው የኮሪያ ተወላጁ ሳይንቲስት ው ጃንግ ቹን እንዳሳየው፣ የሐበሻ ጎመን የተገኘው ከሁለት ወላጆች ነው። አንዱ ጥቁር ሰናፍጭ ነው። ሌላው ጥቅል ጎመንን፣ አበባ ጎመንንና ብሮኮሊን ሁሉ ያፈራው ዝርያ ነው። በሌላ አነጋገር ከብሮኮሊው ግማሽ ርስት በኢትዮጵያዊው ጎመን ውስጥ አለ። ግማሹ የሰናፍጭ መሆኑ ደግሞ ጠንካራ አድርጎታል፤ ድርቅንና ሙቀትን ከብሮኮሊ በተሻለ ይችላል፤ ለማበብም የሳምንታት ብርድ አይለምንም።

በነገራችን ላይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ከተነሣ አይቀር፣ ይኸው የኢትዮጵያ ጎመን ዘር አውሮፕላንም አብርሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. በካናዳ አንድ ፋልከን 20 ጄት ሙሉ በሙሉ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ ከፊሉ ከዚሁ ተክል የተገኘ ነበር። ሌሎች ለክንፍ የተጠቀሙበትን እኛ ለማዕድም በቅጡ አልተጠቀምንበትም።

የሐበሻ ጎመንን በደጋው የምናውቀው በቅጠሉ ነው። አበባ ሊያወጣ ግንዱን ሲሰድ «አረጀ» ተብሎ ይተዋል ወይም ለዘር ይቀመጣል። ግንዱ ከመጠንከሩ፣ ቢጫው አበባ ከመፈንዳቱ በፊት ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ከነእንቡጡ ቢቆረጥ ግን ያ ቀንበጥ የብሮኮሊውን ቀንበጥ የሚተካ ምግብ ነው። ቶሎ ይበስላል፤ ትንሽ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ጫፉ ሲቆረጥ ልክ እንደ ብሮኮሊው ከጎን ሌሎች ያወጣል። ለጋምቤላ ዋናው ነገር ወሩ ነው። ደጋው ላይ ከሰኔ ጀምሮ የሚዘራውን ጎመን እዚህ በሰኔ መዝራት ለዝናብና ለበሽታ መስጠት ነው። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ባሮ ወደ አልጋው ሲመለስ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢዘራ ግን የሚያድገው ሌሊቱ በተሻለ ቀዝቀዝ በሚልበት ጊዜ ነው። ቅጠሉ በታኅሣሥ፣ ቀንበጡ እስከ ጥር መጨረሻ ይሰበሰባል። የየካቲት ሙቀት ሲመጣ ቅጠሉ ይመርራል፤ ያኔ ለዘር የሚሆኑትን ጥቂት እግሮች ትቶ ሌላውን መንቀል ነው። መደቡን ለመጪው ተረኛ መልቀቅ ያስፈልጋልና።

ተረኛው ኩድራ ነው። እውነቱን ለመናገር ከጎመኑም በፊት መጠቀስ የነበረበት እሱ ነው። በጋምቤላ ገበያ ኩድራን የማያውቅ የለም፤ በሱዳን በዚሁ ስም፣ በግብፅ ሙሉኪያ ተብሎ የሚታወቀው፣ ሲበስል የሚለጠልጠው ቅጠል ነው። ብሮኮሊ የሚሸሸውን ሙቀት እሱ ይፈልገዋል። 15 ዲግሪ አካባቢ ብርድ ሲመጣ እድገቱ የሚቆም፣ 30 ዲግሪ ላይ የሚፈነድቅ ተክል ነው። ከተዘራ ከ30 እስከ 40 ቀን ውስጥ ለምግብ ይደርሳል፤ ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ተደርጎ ቢቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ በአንድ ዝናብ ወቅትም ደጋግሞ ይሰበሰባል። ቅጠሉ በቫይታሚን ኤ፣ በብረትና በካልሲየም ባለጸጋ ነው። ከባሮ ዓሣ ጋር ሲሠራ ደግሞ ልጅን ለማብላት ልመና አያስፈልግም።

ኩድራ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው አበቃቀሉ ነው። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ አንዳንዱ ዘር ውሃ ሳያስገባ ሳምንታት ይቆያል፤ መደቡም እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይበቅላል። መላው ቀላል ነው። ዘሩን በቀጭን ጨርቅ ቋጥሮ፣ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውሃ ውስጥ 10 ሰከንድ ያህል ነክሮ ማውጣት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ አንጠፍጥፎ በዚያው ቀን መዝራት። ከ10 ሰከንድ እጅግ ከበለጠ ዘሩ ይቀቀላል፤ ስለዚህ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ቢበተን እኩል ይደርሳል። ኩድራ ቀን ሲያጥር ለማበብ ይቸኩላል፤ ብዙ ቅጠል የሚሰጠው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የተዘራው ነው። የውሃ መውረጃ የሌለው ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል።

ባሚያም እንዲሁ የዚሁ ምድር ልጅ ነው። ኢትዮጵያን ከመገኛ አገሮቹ አንዷ አድርገው የሚጠቅሱ ተመራማሪዎች አሉ። ዘሩ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ፍሬ ይጀምራል። የባሚያ ምስጢሩ ለቀማው ላይ ነው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ጣት ሳይረዝም ከተለቀመ ለወራት ያፈራል። ጥቂት ፍሬ ተረስቶ ከጠነከረ ግን ተክሉ ዘር አፈራሁ ብሎ ሥራውን ያቆማል። የተረፈው ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ደርቆ ቢወቀጥ ለበጋ ወጥ ማወፈሪያ ይሆናል። በዚህ ላይ በአጥሩ ጥግ ሁለትና ሦስት እግር ሽፈራው ከተተከለ ሌላው ሁሉ በሚደርቅበት በመጋቢት ቅጠል አይታጣም። ሽፈራው ከሦስት ሜትር በላይ እንዲሄድ መተው ግን ሞኝነት ነው፤ በየጊዜው ወገብ ላይ ካልተቆረጠ ቅጠሉ መሰላል ያስጠይቃል።

እነዚህ አትክልቶች ከዘር ጥቅል ውስጥ የሚጠፉት ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት በፓኬት ታሽገው የሚሸጡ አለመሆናቸው ነው። የግዥ ሥርዓት ደረሰኝና የታሸገ ምርት ይፈልጋል፤ ኩድራ ደግሞ በገበያ እናቶች በሲኒ እየሰፈሩ የሚሸጡት ዘር ነው። ሌላው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው፤ የአካባቢው ቅጠል «ሁሌም የነበረ» በመሆኑ እንደ ልማት አይቆጠርም። በሪፖርት ላይ «አዲስ የአትክልት ዓይነት ተዋወቀ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «የኩድራ መደብ ሰፋ» ከሚለው የበለጠ ይደምቃል። የታደለው ፓኬት ቁጥር ይጻፋል። ስንቱ በቀለ፣ ስንቱ ማዕድ ደረሰ የሚለው መጠይቅ ላይ ቦታ የለውም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አንድ ነገር ብቻ መቀየር ቢችሉ ይህችን ዓምድ መጨመር ይበቃል፤ ዘር ከታደለ ከሦስት ወር በኋላ ባለሙያው ተመልሶ ስንት ቤት ከጓሮው እንደበላ ይመዝግብ። ኩድራ በራሱ ጊዜ ወደ ዝርዝሩ አናት ይወጣል።

የዘር ግዥውን ሕጋዊ ማድረግም የማይቻል አይደለም። ዘር የሚያባዙ ሴቶችን በማኅበር አደራጅቶ ከእነሱ መግዛት ይቻላል። የጋምቤላ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የአካባቢውን የኩድራና የባሚያ ዓይነቶች ሰብስቦ የተሻሉትን ቢለይና ቢያባዛ፣ ከውጭ የሚገዛ አንድ ዓይነት ፓኬት ከሚያመጣው ጥቅም ይልቃል። እግረ መንገዱን በሙቀት የሚጸና የሐበሻ ጎመን መፈለጉም የእሱ ሥራ ነው። በሆለታ ምርምር ማዕከል በኩል የወጡት እንደ የሎ ዶዶላና ሆለታ-1 ያሉ የጎመን ዘር ዝርያዎች የታሰቡት ለዘይትና ለደጋ ነው፤ የቆላ ጓሮን ያሰበ ሥራ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ አለ። የመንግሥት በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ግዥው ተጀምሮ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ዘሩ ተጭኖ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ባሮ የሚሸሸው ግን በራሱ ጊዜ ነው። አኝዋሃ አርሶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ወንዙ ሲመለስ በተወው ርጥበት ላይ በቆሎና ማሽላ የሚዘሩት ይህንን ጊዜ አውቀው ነው። ለቀዝቃዛው ወቅት የታሰበ የጎመን ዘር በጥር ቢደርስ የሚያድገው በመጋቢት ግለት ውስጥ ነው። በየካቲት የደረሰ ዘር ደግሞ ጭራሽ ባይታደል ይሻላል። ያም ቢሆን በቆርቆሮ ክዳን ሥር በጋውን ካሳለፈ የመብቀል ኃይሉ ይዳከማል። ስለዚህ ማንኛውም የቆየ ዘር ከመታደሉ በፊት 100 ፍሬ በርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለአንድ ሳምንት ይታይ፤ ግማሹ ካልበቀለ ለአርሶ አደር መስጠት ሸክም ማከፋፈል ነው። ይህ ፈተና ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

ወሩ ተስተካክሎ ዘሩ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጓሮው ሦስት ነገር ካላገኘ አይዘልቅም፤ አጥር፣ ጥላና ውሃ። ፍየል የሌለበት ቀበሌ የለም፤ ያልታጠረ መደብ የፍየል ቀለብ ነው። እሾህ ወይም የቀርከሃ አጥር ከዘሩ በፊት መታሰብ አለበት። ለችግኝ መደብ የሣር ዳስ ተሠርቶ የቀኑ ግለት ቢሸፈን፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ጥቂት ውሃ ይበቃል። ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ርጥበት ይይዛል፤ ነገር ግን ምስጥ ባለበት ቦታ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ጣት ያህል ማራቅ ይሻላል፤ አለበለዚያ ምስጡ ሣሩን ጨርሶ ወደ ተክሉ ይዞራል። ክሽክሽና ትል ሲመጣ በከተማው መንገድ ዳር ሁሉ የሚታየው የኒም ዛፍ ቅጠል ተወቅጦ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተጠልሎና ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበት ቢረጭ ብዙውን ያስታግሳል።

ውሃው ላይ ግን ቀላል መልስ የለም። በበጋ ለአንድ ትንሽ መደብ በቀን ሁለትና ሦስት ጀሪካን ያስፈልጋል፤ የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ወንዝ ዳር ነው ማለት ውሃው ደጃፍ ነው ማለት አይደለም፤ ባሮ አዞ እንዳለበት ማንም አይዘነጋም፤ በምሽት ለመደብ ውሃ መቅዳት አደጋ አለው። ስለዚህ የበጋ ጓሮ መጀመር ያለበት የዕቃ ማጠቢያና የመታጠቢያ ውሃ ከሚፈስበት ከቤቱ አጠገብ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ በደንብ የተያዘ መደብ በውሃ እጦት ከሚሞት ሰፊ ማሳ ይሻላል። የእጅ ፓምፕ ባለበት ቀበሌ ከፓምፑ የሚፈሰውን ትርፍ ውሃ ወደ ጋራ መደብ መምራት ለቀበሌ አስተዳደር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንመለስ። ሐምራዊ ብሮኮሊ የያዘው እንግዳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍቅሩን ነው የያዘው። የውጭ ዘር ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ግን ሊነገረው ይገባል። ፍተሻው የሚደረገው ዓለም አቀፍ በረራ በሚያርፍበት በቦሌ በመሆኑ ጋምቤላ ሲደርስ ጠያቂ ላይኖር ይችላል። ከዘር ጋር የሚገባ በሽታ ግን ከአንድ ጓሮ ተነሥቶ አንድ ወረዳ ያዳርሳል። ወደ ትውልድ ቀዬው ስጦታ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ከሚኒሶታ ዘር ከሚሸከም እዚሁ በገበያ አንድ ብርጭቆ የኩድራ ዘር፣ ሁለት የውሃ ማጠጫና ለአጥር የሚሆን ሽቦ ቢገዛ ለእናቱ ጓሮ የበለጠ ሠርቷል። ብሮኮሊው የግድ ከሆነበት አዲስ አበባ ሲመለስ ሱፐርማርኬት ያገኘዋል።

ወረዳዎች ደግሞ ከፊታቸው ሁለት ቀኖች አሉ። የኩድራና የባሚያ ዘር ሚያዝያ ሳይገባ በየቀበሌው መጋዘን መድረስ አለበት። የጎመኑ ዘር ለጥቅምት እንዲደርስ ግዥው መጀመር ያለበት በዚያው በሚያዝያ፣ በአሮጌው በጀት ነው። ሐምሌን የጠበቀ ወረዳ ዘሩን የሚያድለው በመጋቢት ነው፤ በመጋቢት ደግሞ በጋምቤላ ጎመን አይዘራም።